ለጋዜጣችን አንድ ወር ያዢላት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለንጋት፣ ካለሽበት ጅማ።

እንደምን አለሽ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፍንሽ ያ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? ባልሽ መልአኩስ፣ ልጃችን ሰብሌስ እንዴት ናቸው? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሻገራችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ይዟል፤ ውርጭ ካልነካው ጥሩ ነው። ብቻዬን መኖሬ አያሳስብሽ፤ ለመድኩት ብልሽ ውሸት ነው፣ ግን እየኖርኩ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሰው አላስጻፍኩም። ፊደሌ ቢንጋደድም በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት የራሴ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። መምህር ደባሱ የሚያዘጋጃት፣ እኔም በየወሩ በመንገደኛ የምልክልሽ «መሪና ተመሪ» ጋዜጣችን ሐምሌንም ነሐሴንም ቀርታለች። አባቴ ረሳኝ ብለሽ ሳትቀየሚኝ አትቀሪም። አልረሳሁሽም፤ ለወረቀትና ለማባዣ የሚሆን ጠፍቶ ነው። ደባሱ እስከ ዛሬ ከጡረታው ነበር የሚያወጣት፤ አሁን ሚስቱ ታመመችና ጡረታው ወደ መድኃኒት ሄደ። ጋዜጣዋ የምትጽፈው እሱ አመራር ስለሚለው፣ እኛ አለቅነት ስለምንለው ነገር ነው፤ ሰብሳቢ ሰውን እንዴት እንደሚያናግር፣ ሹም ወንበሩን ለተተኪው እንዴት እንደሚለቅ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ሲያነባት ፊደል ያልቆጠረውም ይሰማል፣ ከዚያ ሙግት ነው።

ላሊበላ ያለ አንድ ባለ ሆቴል ወጪዋን ሁሉ እኔ እችላለሁ ብሎ ነበር፤ ከመባዛቷ በፊት ግን እያየሁ የማልወደውን ላስወጣ አለ። ደባሱ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ መለሰው። አንዳንዱ ሞኝ ነው ብሎ አማው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለአንድ ሰው ያደረች ወረቀት ስለ አለቃ ምን ብላ ልትናገር ነው?

ባለፈው እሑድ ተነስቼ፣ እንደ ማኅበራችን እናድርጋት አልኩ። በማኅበር አንድ ሀብታም ዓመቱን ሙሉ ደግሶ አያውቅም፤ ጽዋው በየቤቱ ይዞራል፣ ያነሳው ሰው ወሩን ይደግሳል። ጋዜጣዋንም የምንወዳት ወር ወር ይዘን እናውጣት፤ ወር ያነሳ ሰው ስሙ ከታች ይጻፍለት እንጂ በጽሑፉ አይግባ አልኩ። ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ውዱ፣ «አንተን የሰደበችህን ነው የምትለምንላት?» አለኝና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የሰኔዋን አንብበሻል። ሰው ሳያስጨርስ የሚፈርድ የቅሬ ዳኛ አለ ትላለች፤ የቀብር ቅሬያችን፣ እናንተ ዕድር የምትሉት፣ ዳኛ ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም። አውቀሽ ዝም ብለሽኛል፤ ተባረኪ።

እኔም ለውዱ፣ «አልሰደበችኝም፣ ተሳስታለች። ተሳስተሻል ብዬ የምከራከራት ግን በሕይወት ካለች ነው» አልኩት። አሁንም ተሳስታለች እላለሁ። እናትሽ አለሜም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ሳታስጨርስ ትፈርዳለህ ትለኝ ነበር፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን አይቆጠቁጥም።

መስከረምን እኔ አነሳሁ። ጥቅምትን ያው ውዱ፣ ሲስቅ ቆይቶ ወሰዳት። ኅዳርን ሌላ ሰው ላንሳ ሲል እምቢ አልኩ። ኅዳር ጽዮን የእናትሽ የማኅበር ተራ እንደነበረች ታውቂያለሽ። እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቀን ደጄን የሚረግጥ የለም። ስለዚህ ኅዳርን ላንቺ አስቀምጬልሻለሁ።

ከመልአኩ ጋር ተማከሪ። ከሰብሌ ጉሮሮ ነጥቀሽ እንዳይሆን። ብቻሽን ከከበደሽ እነዚያን ወረቀቷን የምታነቢላቸውን የሥራ ጓደኞችሽን ጠይቂያቸው፤ ከወደዷት ይደግፏት፣ ካልወደዷት ደግሞ ለምን እንዳልወደዷት ይጻፉልን። ጨርሶ ካልሆነልሽም አልቻልኩም በዪኝ። አይከፋኝም ልልሽ ነበር፤ ይከፋኛል፣ ግን ልጄ ነሽ።

ደባሱ ጽሑፉን ሲጨርስ ከታች ያለውን ስም ጮክ ብሎ ያነባል። «ይህችን ወር ያነሳችው የአለሜ ልጅ ንጋት ናት» ብሎ ሲያነብ ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ። የእናትሽን ስም በሰው መካከል ከሰማሁ ቆየሁ።

መልአኩን ስለ ጋቢው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፤ ይሞቃል። ሰብሌን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አያትሽ ነው በያት። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ፤ እግራቸውን ተሻላቸው ወይ? ውዱም ሰላም ብሎሻል፣ እየሳቀ።

አባትሽ ኢያቄም
ብልባላ፣ ላስታ
መስከረም 6 ቀን 1997 ዓ.ም.