ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄድበት ቤት

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ አባትሽ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ መጋዝ የለመደ እጅ ነው። የበፊቶቹን ሦስት ደብዳቤዎች ፖስታ ቤቱ ሳይጥላቸው አልቀረም።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ እህልም እንቅልፍም እምቢ ቢለኝ፣ አክስትሽ እየጎተተች ማክሰኞ ማክሰኞ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለች። ለጎረቤት «ጉልበቴን ልታሽ ነው» እላለሁ። በስተርጅና እብድ ከምባል አንካሳ ልባል።

ሐኪሟ መድኃኒት አትሰጥም፤ ጠይቃ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ሲከብደኝ የሚነቃነቅ ወንበሯን አጠበቅሁላት፤ በሌላው ማክሰኞ መሳቢያዋን፣ ከዚያ መስኮቷን። በአራተኛው መዶሻዬን ተቀበለችኝና፣

«አባባ፣ የሚጠገን ዕቃ አልቋል። ልጅዎ ለምን ሄደች?» አለችኝ።

«ሥራ አግኝታ ነዋ!»

መዶሻዬን ባበጀሁት መሳቢያ ከትታ ጠበቀችኝ። ያኔ እንባዬ አመለጠኝ። ያን ክረምት ከዚያ ልጅ ጋር እንዳትታዪ ብዬ ክፍልሽን ከውጭ እየቀረቀርሁብሽ ሥራ እንደምውል፣ እናትሽም ወለሉ ላይ ተቀምጣ በበሩ ሥር ታነጋግርሽ እንደነበር ዘርግፌ ነገርኋት። ለአንቺ ያልወጣኝን ለባዕድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ወጣሁ፤ በማክሰኞው ግን ከአክስትሽ ቀድሜ ደረስሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ጣሪያው አያፈስም። የክፍልሽን መቀርቀሪያ ከውጭ ነቅዬ ከውስጥ መትቼዋለሁ። የምትዘጊውም የምትከፍቺውም አንቺ ነሽ፤ እኔ አንኳኩቼ እጠብቃለሁ።

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛልኝ።

አባትሽ፣ አናጢው