ሺህ ቁጥርና አንድ አውራ ጣት

ሐሙስ ረፋድ፣ ከሰዓት መጠገኛ ሱቄ

ለማትታዘዘው የወንድሜ ልጅ፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ትተሽልኝ የሄድሽው እስክሪብቶ ያለቅሳል። ሸሚዜን አበላሸው፣ ጣቴን አጠቆረው፤ ደንበኞቼ ሰዓታቸውን ከነአሻራዬ እየተረከቡ ነው። ካሣ እፈልጋለሁ!

ይኸው ተናገርኩ፣ ወጣልኝ። እንዴት ነሽ? እኔ ከአውራ ጣቴ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልሽም እሱን ላሳርፍ ብዬ ነው።

አባትሽ "ከሄደች አትመለስም" ብሎ የትምህርት ማስረጃሽን ቦርሳው ውስጥ እንደቆለፈበት ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ ባለፈው ሳምንት ቦርሳውን ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ እንደጣለው ነው። "ጠበቃዋ አንተ አይደለህ? ቁጥሩን ካገኘህ አውጥተህ ላክላት። ከሰበርከው ግን ወንድሜ አይደለህም!" አለኝ። አንቺ እስክትመለሺ ደጄን እንደማይረግጥም ምሎ ወጣ።

በካቻቢቴ ብነካው ሳልተነፍስ እከፍተው ነበር። ግን ያኔ እኔ ሌባ፣ አንቺም በተሰረቀ ወረቀት የተማረች ልትባዪ ነው። አይሆንም! በገዛ ቁጥሩ ነው የምከፍተው።

መቆለፊያው ሦስት ቀለበት አለው፤ እያንዳንዱ ላይ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥር ቁጥር። እኔ ብልጡ፣ ሦስት ጊዜ አሥር ሠላሳ ብዬ፣ "ከምሳ በፊት እከፍተዋለሁ" ስል ለጎረቤቴ ለፀጉር አስተካካዩ ፎከርኩ። ሠላሳ ሞክሬ ሳየው የመጀመሪያው ቀለበት ገና ዜሮ ላይ ተቀምጧል! ያኔ ትንሽ ልጅ ሳለሽ "አጎቴ፣ አይደመርም፣ ይባዛል" ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ለመጀመሪያው ቀለበት እያንዳንዱ ቁጥር ሁለተኛው አሥር ምርጫ አለው፤ መቶ ሆነ። ከመቶው ለእያንዳንዱ ደግሞ ሦስተኛው ሌላ አሥር፤ ሺህ።

"ሺህ? ተወው፣ ታረጃለህ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

"አርጅቼ የለ እንዴ? ምን ቀረኝ?" አልኩት።

አባትሽ ማለቂያ የሌለው ሥራ የሰጠኝ መስሎት ነበር። ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ ግን ማለቂያ አለው። በቀን መቶ እያልኩ በአምስት ቀን አምስት መቶውን ጨርሻለሁ። ምዝገባሽ ሰኞ ያበቃል፣ ወረቀቱም በቅዳሜው አውቶቡስ መሳፈር አለበት። ስለዚህ ዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ነገም ሁለት መቶ ሃምሳ። ጥፍሬ ይነቀላል እንጂ አልተወውም!

አባትሽ ስላንቺ አይጠይቅም። እንደማይጠይቅ ለመንገር በቀን ሦስት ጊዜ ከመንገድ ማዶ ይጣራል። "ስንት ደረስክ?" ይልና ይስቃል። ትናንት ግን ጠየቀኝና ሳይስቅ ሄደ።

በይ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ፤ የእስክሪብቶውንም ጥፋት ይቅር ብያለሁ።

አጎትሽ፣ ሰዓት ሠሪው

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ደንበኛ እንኳ አንኳኩቶ አያውቅም።

አባትሽ ነው! ኮፍያውን ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ለመሐላው ሲል አንድ እግሩን ውጭ ትቶታል።

"ከዜሮ የሚጀምር ደንቆሮ!" አለኝ፣ ቦርሳውን ሳያይ። "ሰው ከዘጠኝ አይጀምርም?"

የመጀመሪያው ቀለበት ዘጠኝ ነው ማለቱ ነው! አንድ በአሥር በአሥር፤ መቶ ብቻ ቀረኝ። ከምሳ በፊት እከፍተዋለሁ።