አስረክብ ስለተባልኩት ጭምብል

ለተከበሩ የፊልምና ትርኢት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ የቢሮዎ ወንበርም ወገብዎን ሳያደክም ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ በገበያው ዳር ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ በመስፋት የምተዳደረው ኃይለመስቀል እንደሻው፣ በቁጥርና በማኅተም አክብረው ለላኩልኝ ትእዛዝ መልሴን ሕዝብ በሚሰማው መንገድ አቀርባለሁ። ትእዛዙ «ጭራቋ ያጠለቀችው አስቀያሚ ጭምብል የከተማችንን ገጽታ የሚያበላሽ በመሆኑ፣ ጭምብሉን የሰፋው ግለሰብ በአምስት ቀን ውስጥ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያስረክብ፣ እስከዚያም ፊልሙ በአዳራሹ እንዳይታይ» ይላል።

ፊልሙን ላላየ ወገን ባጭሩ ላስረዳ። የሠራው ቢሊሱማ የሚባል፣ ከሱቄ አጠገብ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን ወጣት ሲሆን፣ የድሮዎቹን ጥቁርና ነጭ የጭራቅ ፊልሞች ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚወድ የአርሲውን ጭራቅ በዚያው መልክ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ታሪኩ ከሰው የላቀ ኃይል ኖሯት በጉም ተሸፍና ከጭላሎ ስለምትወርድ ሴት ነው። መልኳን የሚፈራው መንደርተኛ ሁሉ ይሸሻታል፤ እሷ ግን በሮቤ መንገድ ጋሪ እየገለበጠ ሰው የሚበላውን ጅብ-ሰው ብቻዋን ትገጥመዋለች። ነጎድጓዱ የምንደበድበው ቆርቆሮ፣ ጉሙም የረጠበ የገብስ ጭድ ጭስ ነበር። ካባዋን ከሁለት ጥቁር መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ላስቀምጥ።

፩. ኮሚቴው ፊልሙን ሲገመግም ምስሉ ቀለም ያጣው ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ ነው ብሎ ጠጋኝ ማስጠራቱን ሰምተናል። የተጠራውም ዕድል ሆኖ ራሱ ቢሊሱማ ስለነበር፣ ቴሌቪዥኑ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጦልዎ ተመልሷል። ለመንግሥት ንብረት ያሳዩትን አሳቢነት እናደንቃለን።

፪. ጅብ-ሰውን «እጅግ ተፈጥሯዊ» ብለው በጽሑፍ ስላመሰገኑልን ባለውለታዎ ነን። ጉቱ የሚባል ጋሪ ነጂ ነው፤ የፍየል ሌጦ ለብሶ፣ በላስቲክ ጥርስ፣ እኔ በሰፋሁለት ጭምብል ውስጥ ሲያልበው ውሏል። ከፊልሙ ሁሉ ጭምብል ያለው እሱ ብቻ ነው።

፫. እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቀስ ብለው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። የጉሟ ሴት ሆና የተወነችው ከዲጃ የምትባል የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ የጋዝ ምድጃ ፈንድቶ የቀኝ ጉንጯንና አንገቷን አቃጥሏታል። ከዚያ ወዲህ ሻርፗን ወደ ቀኝ ሳትጎትት ከቤት ወጥታ አታውቅም ነበር፤ ፊልሙ በአዳራሹ እንዲታይ ፈቃድ የጠየቅንበትን ማመልከቻ ይዛ ቢሮዎ የገባችውም እንደዚያው ተሸፍና ስለነበር ባያውቋት አልፈርድብዎትም። ለእሷም ጭምብል ልሰፋላት ልኬት ስወስድ እጄን ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ሰው የሚሸሸኝ ያለ ጭምብል ነው፤ ምን አደከመዎት?» አለችኝና ሻርፗን ፈትታ ካሜራው ፊት ቆመች። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ራሷ ናት።

ደብዳቤዎ ሰኞ ሲደርሰን ቢሊሱማ ገና ሳያነበው አምስት ቅጂ እንድታነሣለት ለከዲጃ ሰጣት። አምስቱንም አነሣች፤ ጠርዛቸውንም አስተካክላ አስረከበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ፊቴን በፖስታ ነው የምንልክላቸው ወይስ እርስዎ በእጅዎ ያደርሱልኛል?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን አላማረኝም። ማክሰኞና ረቡዕ ሥራ አልገባችም። ቤቷ ብሄድ እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ተኝታለች» ብለው መለሱኝ። እኔም መቀሴን አስቀምጬ፣ ያቺን ልጅ ካሜራ ፊት ባላቆምናት ኖሮ እያልኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ይህን ለመሰለ የሁለት ቀን ጸጸት ስላበቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄ ገባች። ሻርፗ ጉንጯን ሳይሸፍን አንገቷ ላይ ወርዶ ነበር። ሳትቀመጥ፣ «አዳራሹን ከከለከሉን ሌላ ቤት የለም እንዴ?» አለችኝ።

ነበር፤ ነገሩን የሰማው የእህል ነጋዴው ሁሴኖ መጋዘኑን ለቀቀልን። እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በጆንያ ሸፍነን፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ፣ እደግመዋለሁ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ፊልሙን አሳየን። ከሮቤና ከጢቾ ሳይቀር በሚኒባስ የመጣ ሰው ነበር፤ መቀመጫ ያጣው ገብስ ላይ ተቀመጠ።

ጉሙ ተገልጦ የከዲጃ ፊት ግድግዳውን ሲሞላው መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ። ደንግጬ ወደ እሷ ዞርኩ። ጎኔ ቆማ ክንዴን ጨብጣ ትስቃለች፤ ይኸኛው ሳቅ የእውነት ነበር። «ጮኹ፣ ጋሼ! ሁልጊዜ ሳልፈልግ ነበር የሚደነግጡት፤ ዛሬ ግን እኔ ፈልጌ አስደነገጥኳቸው!» አለችኝ። ጅብ-ሰውን አንቃ ስትጥለውም ያ ሁሉ የጮኸ ሕዝብ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት፤ ሲያበቃም በዚያው በተገለጠ ፊቷ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ እየጨበጠች ሸኘች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የታዘዝኩትን ማስረከብ አልችልም፤ ብችልም አላስረክብም። ቅጣት ካለ በስሜ ይጻፍ፤ አድራሻዬን ማንም ያሳይዎታል። ቅዳሜም ሮቤ ላይ እናሳያለን፤ ቢከለክሉን ጢቾ አለ።

ለከተማችን ገጽታ እንቅልፍ ያጡት ዓይኖችዎ ዕረፍት እንዲያገኙ፣ መነጽርዎም ቁጥሩ በጊዜ እንዲታይልዎ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ጎንበስ ብዬ፣ ትእዛዝዎን ግን ሳልፈጽም እሰናበታለሁ።

ኃይለመስቀል እንደሻው
ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ እሑድ ዕለት ሁለት የኮሚቴዎ አባላት ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ አፋቸውን በፎጣ ጠቅልለው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም አብልጠው የጮኹት እነሱ ናቸው። አንደኛው በድንጋጤ ጃንጥላውን ጥሎ ስለወጣ ሱቄ አስቀምጬለታለሁ፤ እንደ ከዲጃ ፊቱን ሳይሸፍን፣ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ መውሰድ ይችላል።