ቅጠሉን ማን ሰካልህ

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.፤ ሱሉልታ

ለባለቤቴ ሙት ዓመት ፍቼ ድረስ በሞተሬ ልሄድ አስቤ፣ ወገቤን እንዳያመኝ መሪውን ከፍ አስደርጌ፣ መቀመጫውን የበግ ቆዳ አልብሼ፣ ከፊቱም የንፋስ መከላከያ አስገጥሜ ነበር። ዛሬ እስከ ጫንጮ ልሞክረው ወጣሁ። ወገቤ ምንም አላለኝም።

ጫንጮ መግቢያ የተቃውሞ ሰልፈኞች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። ጎረምሶች ከበቡኝ።

"ይሄ ትልቅ ሞተር የፖሊስ ነው!" አለ አንዱ፣ ድንጋይ አንስቶ።

የባለቤቴ የሽንኩርት ደንበኛ የነበረችው አዴ ጫልቱ ከጉልቷ ተነስታ ሮጠች። "ፖሊስ በበግ ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንዴ? እኚህ የኛ ሰው ናቸው!" ሳቁ። ሌላ ቦታም ማንም እንዳይነካኝ እንደ ሰልፈኞቹ ቅጠል መከላከያው ላይ ሰካችልኝ። "በሉ አሁን ይመለሱ፣ አባቴ" አለችኝ።

ስመለስ ወታደሮች አስቆሙኝ።

"ቅጠሉን ማን ሰካልህ?"

"አዴ ጫልቱ፣ ሽንኩርት የምትሸጠው" አልኩ። በእጄም ወዴት እንደሆነ አሳየሁ። መኪናቸው ወዲያው ወደዚያ ሄደ።

አልመቱኝም፣ አልዛቱብኝም። አንዴ ቢጠይቁኝ ተናገርኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት?

ማምሻውን ስለ እሷ ልጸልይ ቆምኩ። ለወታደሩ የፈጠነው አፌ ስሟን በእግዚአብሔር ፊት መጥራት አቃተው።