ሳያስፈቅድ ያደገ መንጋጋ

ለክብርት ወይዘሮ ሮዌና ሆልትሃውስ
የኩራዋላ ቤተሰብ ጤና መድን ድርጅት የአባላት ደስታ ዋና ኃላፊ
አደላይድ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በዊራቢላ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፣ ከበግ ዋጋ ዝርዝር በታች ታትሞ ሲደርስዎ፣ እርስዎና መላ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርስዎ፣ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ለእኛ ለአባላትዎ ጤና እንቅልፍ አጥተው እንደሚሠሩ በየሦስት ወሩ በምትልኩልን መጽሔት ላይ ስላነበብኩ፣ እኔም ለእርስዎ ጤና መጸለይ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእኔ ጸሎት የመጠበቂያ ጊዜ የለበትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል።

ስሜ ሊንዚ ፓስኮ ይባላል። ሥራዬ እዚህ ዊራቢላ የበግ ጨረታ በረት ውስጥ የበግ አፍ ማየት ነው። ገዢዎች ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዷን በግ አገጯን ይዤ፣ ከንፈሯን ገልጬ፣ ዕድሜዋን ከጥርሷ አነባለሁ፤ የታችኛው ጥርሷ ከላይኛው ድዷ ጋር መግጠሙንም አያለሁ። ያልገጠመላት ሣር መንጨት አትችልምና አፍንጫዋ ላይ ሰማያዊ ቀለም አድርጌ ወደ መጨረሻው በረት፣ ማለትም ወደ ቄራ፣ እሸኛታለሁ። በአንድ የጨረታ ቀን ስምንት መቶ አፍ አያለሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ተሳስተሃል ያለኝ ገዢ የለም።

ይህን የምነግርዎ ለጉራ አይደለም። ስምንት መቶ አፍ የሚያይ ሰው የገዛ ልጁን አፍ አይቶ ዝም ማለቱን አስቀድሜ ልናዘዝልዎ ብዬ ነው። የልጄ የታምሲን የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ መውጣት የጀመረው በሰባት ዓመቷ ነበር። እናቴም እንደዚያው ነበረች፣ እኔም ትንሽ አለኝ፤ እኛ ቤት “የፓስኮ አገጭ” ተብሎ ይኮራበታል እንጂ ሐኪም አይታይበትም። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወሯ ላይ የትምህርት ቤቱ የጥርስ ነርስ ወረቀት ጽፋ ባትልክብን ኖሮ እስከ ዛሬም እየኮራን ነበር። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ለሌላ ሰው አላሳልፈውም።

በየስድስት ሳምንቱ ከከተማ እየመጡ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያክሙት የጥርስ አስተካካይ ሐኪም፣ ዶክተር ናምቢያር፣ ልጅቷን አይተው ነገሩን ሳያድበሰብሱ አስረዱን። ላንቃዋን የሚያሰፋ መሣሪያ አፏ ውስጥ ይገባል፤ ስትተኛ ደግሞ የላይኛውን መንጋጋዋን ወደፊት የሚጎትት ማሰሪያ ፊቷ ላይ ታደርጋለች፤ በዓመት ውስጥ ይስተካከላል። “ግን አጥንቱ ለጋ ሳለ ነው” አሉን። “ቢበዛ እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ። ከዚያ ወዲያ እኛ ብንጎትትም እሱ አይሰማንም።” ባለቤቴ ማርኒም “እንግዲያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው” አለች። ዋጋው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ነበር። እሷ የምትሠራው በትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ነው፣ የእኔን ነግሬዎታለሁ፤ ስለዚህ ኢንሹራንስ መፈለግ ጀመርን።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

፩ኛ. ስለ ምርጫው። የአሥራ አንድ ዓይነት ኢንሹራንስ ወረቀት የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግተን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭናችን ላይ እየበላን አነበብን። አንዱ ጥርስ ይሸፍናል፣ ድድ አይሸፍንም። ሌላው ሽቦውን ይሸፍናል፣ ሽቦውን የሚያስረውን ሰው አይሸፍንም። በግ ቢሆን አፉን ከፍቼ እለየው ነበር። በመጨረሻ “መካከለኛ ፈገግታ” የሚለውን የእናንተን ሽፋን የመረጥነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ያነሳው ሃይደን የተባለ ሠራተኛዎ ጨዋ ስለነበረ ነው። “አሥራ ሁለት ወር ዓረቦንህን እየከፈልክ ጠብቅ ወንድሜ፣ ከዚያ በኋላ እኛም እናግዝሃለን” አለኝ። እስከዚያ ብንጀምርስ ብዬ ስጠይቀው ደነገጠልኝ። “ኧረ እንዳትነካት! በመጠበቂያው ጊዜ የተጀመረ ሕክምና እስከ መጨረሻው አይሸፈንም። ዝም ብለህ ጠብቅ።” በጣታችን ቆጠርን፤ መጠበቂያው ሲያልቅ ታምሲን አሥር ዓመት ከአራት ወር ይሆናታል። ይደርሳል አልን፣ ደስም አለን።

፪ኛ. ስለ ደግነታችሁ። በዘጠነኛው ወር አንዲት ድምፀ መልካም ሠራተኛዎ ራሷ ደውላ፣ ታማኝ አባላት ስለሆናችሁ ወደ “ሙሉ ፈገግታ” ላሳድጋችሁ አለችን። በሳምንት ዘጠኝ ዶላር ብቻ ጨምረን፣ ለጥርስ ማስተካከያ የምትከፍሉልን የዕድሜ ልክ ጣሪያ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ወደ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ከፍ ይላል። ተናግራ ሳትጨርስ እሺ አልኳት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ጊዜ እንኳ አልተሰጠኝም። በአሥራ ሁለተኛው ወር በደስታ ስደውል ያው ጨዋው ሃይደን አነሳው። “ወይኔ ወንድሜ፣ ሽፋን ቀይራችኋል እኮ! መጠበቂያው የሚቆጠረው ከቀየራችሁበት ቀን ነው።” የበፊቱ ዘጠኝ ወርስ አልኩት። “እሱማ የመካከለኛው ፈገግታ ነበር” አለኝ። ክብርት ሆይ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የከፈልኩት ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የወሰደው ሰው ተጠቅሞበት ከሆነ ግን ይባረክለት።

፫ኛ. ሦስተኛውን ጽፌው ነበር። ማርኒ አንብባ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ይህን ጋዜጣ እኮ ፓስተሩም ያነቡታል” ብላ ሰረዘችው።

፬ኛ. ስለ ልጄ ሥርዓት አልባነት። ይህን የምጽፈው በኀፍረት ነው። እኛ ሁላችን እንደታዘዝነው በትዕግሥት ስንጠብቅ፣ ልጄ ታምሲን አባቷንም ድርጅታችሁንም ሳታስፈቅድ በአንድ ዓመት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አደገች። መንጋጋዋም አብሮ አደገ። ውሎቻችሁን እስከ አርባ ሦስተኛው ገጽ ድረስ አንብቤያለሁ፤ በመጠበቂያ ጊዜ ማደግ ክልክል ነው የሚል አላገኘሁም፤ ምናልባት በትንንሹ ፊደል ካሉት ውስጥ ዘልዬው ይሆናል። ጥፋቷ ግን ከቅጣቷ ጋር ነው የመጣው። ፖም በቢላ ካልተቆረጠላት መግመጥ አትችልም። በትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን ፎቶ ላይ ዘጠኝ ልጆች ይስቃሉ፣ አንዷ አፏን በእጇ ይዛለች። ሆድ ሲያር ጥርስ ይስቃል ይላሉ፤ የእኔ ልጅ ይህ እንኳ ቀርቶባታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። ታምሲን ቅዳሜ ቅዳሜ በረት ድረስ አብራኝ እየመጣች በጎቹን በደብተሯ ትቆጥርልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ መንጋጋዋ ያልገጠመ አንዲትን በግ አፍንጫዋን ቀለም ስቀባ ስታየኝ ቆየችና፣ “አባዬ፣ እኔ በግ ብሆን ወደየትኛው በረት ታስገባኝ ነበር?” አለችኝ። “ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ! ሥራሽን ሥሪ!” ብዬ ጮህኩባት። ደብተሯን አጥሩ ላይ አስቀምጣ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በረት መጥታ አታውቅም። ወደየትም አላስገባሽም፣ እቅፌ ውስጥ ነሽ፣ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ጎረቤቴ መርቭ፣ አርባ ዓመት በግ ሲሸልት ኖሮ ወገቡ የተቆለመመ ሽማግሌ፣ ነገሩን ሲሰማ አጥሩን በዱላው ደበደበው። “ፒክአፕህን ሽጥና ልጅቷን አሳክም እንጂ! ይሄ ኢንሹራንስህ ላም አለኝ በሰማይ ነው!” አለኝ። እኔም ሳቅኩበት። ስንት ወር ከፍለን ከፍለን አሁን ብንጀምር ሁሉንም ውኃ በላው ማለት ነው፤ ደግሞ ዓመት ምን አላት አልኩት። “ለአንተ ምንም የላትም፤ ለልጅቷስ?” አለኝ። ፒክአፑ እስካሁን ደጄ ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳው ራሴን እጠላለሁ።

፭ኛ. ስለ ማስረጃ። መጠበቂያው በጥር ሲያልቅ ታምሲን አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ሆኗት ነበር። ዶክተሩ “ጠርዝ ላይ ነን፤ አንዳንድ ልጅ ዘግይቶ ያድጋልና ዛሬውኑ ፈቃዱን አምጡልኝና ልሞክር” አሉን። እናንተ ደግሞ፣ ለጥንቃቄያችሁ ምስጋና ይግባችሁና፣ የአፏን የጀሶ ቅርጽ፣ ቀጥሎ የራጅ ፎቶ፣ ቀጥሎም በመጠበቂያው ጊዜ ሕክምና ያልጀመረች መሆኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ደብዳቤ ጠየቃችሁ። ሐኪሙ የሚመጡት በየስድስት ሳምንቱ ነው፤ አንዱ ወረቀት እናንተ ዘንድ ጠፋ፣ አንዱ ማኅተሙ ደበዘዘ ተባለ። ለልጄ ምንም ያልተደረገላት መሆኑን በሦስት ቅጂ ለማስረዳት ሰባት ወር ፈጀብን።

በነሐሴ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ባለቀለም ፖስታ መጣ። “እንኳን ደስ አላችሁ! የታምሲን ፈገግታ ዛሬ ይጀምራል!” ይላል። ማርኒ የምሳ ቤት ሽርጧን ሳትፈታ አለቀሰች፤ የደስታ ነበር። ዓርብ ዕለት ዶክተር ናምቢያር አዲሱን ራጅ መብራት ላይ ሰቅለው በማስመሪያ ለኩት። ልጅቷን ውጭ እንድትቆይ ከላኩ በኋላ፣ “አልፏል” አሉን። “አጥንቱ ጠንክሯል። አሁን ብጎትተው ጥርሱን አጣምማለሁ እንጂ መንጋጋው አይመጣም። እድገቷ እስኪያበቃ፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ እንጠብቅና ያኔ መንጋጋዋ ተቆርጦ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።” ማርኒ “ስድስት ዓመት?” አለች። እሳቸውም “ስድስት ዓመት” አሉ። የእናንተ የደስታ ፖስታ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለካ በፖስታ ቤትም ይላካል።

፮ኛ. ስለ መሰናበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንም ጤነኛ ሰው ድርጅታችሁን ጥሎ ይሄዳል ብለው ይሰጉ ይሆናል። አይስጉ። ቀዶ ጥገናው የሚሸፈነው በሌላ፣ በሆስፒታል ሽፋን፣ ከሁሉም በሚወደደው ደረጃ ነው፤ እሱም የራሱ መጠበቂያ አለው፤ አንድ ወር ካቋረጥን እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ሌላ ድርጅት ብንሄድም ልጅቷ አሁን “ቀድሞ የታወቀ ችግር” ያለባት ናት፣ መጠበቂያው አይቀርላትም ተባልን። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ፈርሜያለሁ። ዓረቦኑ እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ከደመወዜ ይቆረጣል። አባት ሆኜ ላደርገው የቀረኝ ነገር ቢኖር ይኼው ነው፤ ይህም ይበቃል ብዬ አላምንም።

ክብርት ሆይ፣ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የእኛን ጊዜ ስለ ወሰዳችሁት ደግሞ ምን ብዬ እንደማመሰግን ቃል አጥቻለሁ። ሥራችሁ ይስመር፣ ሕንፃችሁ ከፍ ይበል፣ በመጽሔታችሁ ሽፋን ላይ የሚስቁት ልጆችም ምንጊዜም ጥርሳቸው የገጠመ ይሁን።

እስከ ስድስት ዓመት ድረስ፣ በትእዛዛችሁ መሠረት በመጠበቅ ላይ የምገኝ፣

ታዛዥ አባልዎ
ሊንዚ ፓስኮ
ዊራቢላ

ማስታወሻ፦ ለሆስፒታል ሽፋኑ የላካችሁት ቅጽ በአራተኛው ገጽ ላይ “የታካሚዋ ቅሬታ፣ በራሷ አነጋገርና በራሷ እጅ ጽሑፍ” የሚል ሦስት መስመር ባዶ ቦታ ስላለው ለታምሲን ሰጠኋት። ተቀብላኝ፣ በሯን ዘግታ ጽፋ መለሰችልኝ። እንዲህ ይላል፦ “ምንም ቅሬታ የለኝም። ለምጄዋለሁ። አባዬ እንዳይበሳጭ ሌላ ወረቀት ባትልኩ ደስ ይለኛል።” ዋናውን ለብቻው በፖስታ ልኬላችኋለሁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከላክንላችሁ ማስረጃ ሁሉ ያለ ጥያቄ የምትቀበሉት ይህ አንዱ ብቻ እንደሚሆን አልጠራጠርም።