የእማዬ ኩልና የተራራው እርሳስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13፣ 2015፣ ዴም

ዛሬ ከተራራ ጫፍ ተቆፍሮ በመጣው በረዶ ውስጥ ብዙ የእርሳስ ንጥረ ነገር አገኘን። ሽማግሌው አለቃዬ ዶክተር ሃሺም ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የጥንት ሰዎች ብር ሲያነጥሩ የወጣ ጭስ ይሆናል» እያለ ውጤቱን ለላቦራቶሪው ሁሉ አሳየ።

እኔ ግን ከእማዬ ኩል የመጣ ይመስለኛል። ጠዋት «ዓይንሽ ቀልቷል፣ ነይ ልኳልሽ» አለችኝ። የሱቅ ኩል እርሳስ አለበት እያልኩ ለሰው የምሰብክ ሴት፣ እናቴን እምቢ ማለት አቅቶኝ ተኳልኩ። ሥራ ስገባ መታጠቡን ረሳሁት። የቀለጠውን በረዶ ልከፍት ስል ዓይኔን በላኝ፤ በጓንቴ አሸሁትና በዚያው ጓንት ከፈትኩት።

ከዚያ በረዶ የተረፈ ጠብታ የለም። ዶክተሩ ደግሞ ነገ ውጤቱን በረዶውን ለላኩልን ሰዎች ሊያሳውቅ ነው። ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል። የኔ ዓይን ደህና ነው፤ ያጠፋሁት የሽማግሌውን ስም እንዳይሆን እንጂ።

ማታ ልወጣ ስል በር ላይ አገኘሁት። ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ዛሬ ዓይንሽ አምሯል፣ ያ ቢንቲ። ምን አድርገሽው ነው?»

ከዚህ የሰፋ በር ማንም አይከፍትልኝም። «ሹክረን» ብዬ ምስጋናዬን ብቻ ሰጥቼው ወጣሁ።