ሁለታችንም ያየነው ንብ በል

ይድረስ ለእህቴ ለራንያ፤ አንቺና ልጆቹ እንዴት ከረማችሁ? እኛ ጁባ ላይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

ዝናቡ ስለጀመረ ከጎረቤቴ ከሰማን ጋር ወፍ ለማየት ወንዝ ዳር ወጣን።

«ቀይ ንብ በል የሚባለው ወፍ! ለኛ አዲስ ነው» አለኝ ሰማን። እኔ ዛፉን እንጂ ወፉን አላገኘሁትም። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው ባይኖኩላሩ ጭጋግ ይዟል አልኩት፤ በሸሚዙ ጠርጎ መለሰልኝ።

«አሁንስ? ራሱ ላይ ያለውን አረንጓዴ አየህ፣ ወይስ ደግሞ ጭጋግ ነው?»

በኛ ደንብ ሁለታችንም ካላየነው ወፉ በዝርዝራችን አይቆጠርም። ደስታው እንዳይበላሽበት «አየሁት» አልኩ።

አምና እዚህ ሳለሽ «ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ስትይኝ ሙኑኪ ሰፈር ያለውን ሱቄን ለመዝጋት ሳሳሁ። ያኔ ሄደን ቢሆን ቀለሙን ራሴ እነግርሽ ነበር።

ፊደሎቼ ትልልቅ ሆኑ ብለሽ አትሳቂ። መልስሽን በድምፅ ላኪልኝ፤ ያንቺን ወሬ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ሐቢብ